የተክል መብራት አንጸባራቂ ከመግዛትዎ በፊት ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚባክን ይወቁ

ቤት ውስጥ አትክልት የሚያሳድግ ሰው ችግኙ መንምኖና አንገቱን አስግጎ ሲያየው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ተጨማሪ መብራት መግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ብርሃን አልጎደለም። ክፍሉ ቦግ ብሏል፤ ጣሪያው ደምቋል፤ ግድግዳው ላይ የሰው ጥላ ጥርት ብሎ ይታያል። ለዚህ ሁሉ ብርሃን የኤሌክትሪክ ሂሳብ ይከፈላል፤ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ግን ጥቂቱ ነው።

አንጸባራቂ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንደ ጣሪያ አሸንዳ ይቁጠሩት፤ አሸንዳ ዝናብ አይጨምርም፣ በየአቅጣጫው ሊፈስ የነበረውን ሰብስቦ ወደ በርሜሉ ይመራል እንጂ። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ማስታወቂያው «ብርሃንዎን በእጥፍ ያሳድጋል» ሲል ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። አንጸባራቂ ከባከነው በላይ ሊመልስ አይችልም። ብዙ በሚባክንበት ቦታ ተራ ላሜራ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ምንም በማይባክንበት ቦታ ደግሞ ምርጥ የተባለውም ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ የትኛው አንጸባራቂ እንደሚሻል ከመጠየቅ በፊት የእርስዎ ብርሃን በየት በኩል እየጠፋ እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። መልሱ አንዳንዴ ምንም ሳይገዙ ነገሩን ይጨርሰዋል።

አምፖል ነው ወይስ ኤልኢዲ?

ጠምዛዛው ቆጣቢ አምፖል፣ ረጅሙ የፍሎረሰንት ዘንግ፣ ብርቱካናማ ብርሃን የሚሰጠው የሶዲየም አምፖል፣ ነጭ የሚያበራው ሜታል ሃላይድ፣ እነዚህ ሁሉ ብርሃናቸውን በዙሪያቸው ይረጫሉ። ተክሉ ያለው ከታች ነው፤ የብርሃኑ ግማሽ ግን ወደ ጣሪያ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። አምፖሉ 100 እጅ ብርሃን ይሰጣል እንበል፤ 50 ወደ ታች፣ 50 ወደ ላይ። ከላይ ምንም ካልተደረገ ተክሉ ዘንድ የመድረስ ዕድል ያለው 50 ብቻ ነው። የሚያርፍበትን ብርሃን 85 በመቶ የሚመልስ ተራ የአልሙኒየም ላሜራ ከላይ ቢደረግ፣ ወደ ላይ ከሄደው 42.5 ይመለስና ድምሩ 92.5 ይሆናል። በላሜራው ፋንታ 95 በመቶ የሚመልስ፣ ልዩ ሽፋን የተቀባ ውድ አንጸባራቂ ቢገዙ ድምሩ 97.5 ይደርሳል። በተግባር የተመለሰው ሁሉ ቅጠል ላይ አያርፍም፤ ግን ምጥጥኑን ልብ ይበሉ። ከባዶ ወደ ርካሹ ሲሸጋገሩ ብርሃኑ በ85 በመቶ ያድጋል። ከርካሹ ወደ ውዱ ሲሸጋገሩ ግን የሚጨመረው 5 በመቶ ገደማ ነው። ዋጋው ደግሞ በ5 በመቶ ብቻ አይጨምርም።

ኤልኢዲ ከእነዚህ ይለያል። ብርሃን ሰጪ ቅንጣቶቹ የተሰኩት በጠፍጣፋ ሰሌዳ አንድ ፊት ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሄድ ብርሃን የለም። በኤልኢዲ ፓነል ላይ ክንፍ መሰል ቆብ፣ ማለትም ከመብራቱ በላይ የሚሆን አንጸባራቂ፣ መድፋት የሚያመጣው ጥቅም የለም፤ እንዲያውም ሙቀት የሚያስተነፍሰውን ጀርባውን ይሸፍንና ዕድሜውን ያሳጥራል። ለቤት የሚሸጠው ክብ የኤልኢዲ አምፖል ግን መሐል ላይ ነው፤ ነጩ ጉልላቱ ብርሃኑን ወደ ጎንም ስለሚበትነው ቀላል ቆብ ይረዳዋል።

ታዲያ የኤልኢዲ ብርሃን አይባክንም ማለት ነው? ይባክናል፣ በጎን በኩል። ሌንስ የሌለው ፓነል ብርሃኑን በሰፊው ይዘረጋል። ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ክብ የችግኝ ቦታ በላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ አንድ ትንሽ ፓነል ተሰቅሏል ብለን ብናሰላ፣ በ15 ሴንቲሜትር ከፍታ ከብርሃኑ 80 በመቶ የሚሆነው በቀጥታ ችግኙ ላይ ያርፋል። በ30 ሴንቲሜትር 50 በመቶ ብቻ ይቀራል። በ45 ሴንቲሜትር 31፣ በ60 ሴንቲሜትር 20 በመቶ። መብራቱ ያው ነው፣ የሚበላው ኤሌክትሪክም ያው ነው። የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው፤ አምስት እጅ ከሆነው ብርሃን አራቱ ወለልና ግድግዳ ማብራት ጀምሯል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ርካሹ መፍትሔ አንጸባራቂ እንኳን አይደለም፤ ሰንሰለቱን ማስረዘምና መብራቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ምንም አያስከፍልም። ጉዳቱ፣ ሲቀርብ መሐል ላይ ያለው ተክል ብዙ ብርሃን ሲያገኝ ዳር ያለው ይራባል፤ ሙቀት የሚበዛው አምፖል ከሆነ ደግሞ ቅጠል ያቃጥላል። መብራቱን ከፍ አድርጎ መስቀል ግድ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ከፍ ሲል በጎን የሚያመልጠውን ለመመለስ ደግሞ ዙሪያውን የሚያንጸባርቅ ግድግዳ ያስፈልጋል። በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ኤልኢዲ ስለሆነ፣ በእኔ እይታ የአንጸባራቂ ጉዳይ ሲነሳ ከቆቡ ይልቅ ግድግዳው ነው ብዙ ሊወራለት የሚገባው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የግሪንሃውስ መብራቶችን ለክተው ያገኙት ነገር ይህንን ያጠናክራል። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ምርጦቹ የሶዲየምና ምርጦቹ የኤልኢዲ መብራቶች፣ ለሚበሉት ኤሌክትሪክ የሚሰጡት የብርሃን መጠን እኩል ለእኩል ሊባል የሚችል ነበር፤ በአንድ ጁል (የኃይል መለኪያ) ከ1.66 እስከ 1.70 ማይክሮሞል (ለተክል የሚሆነው ብርሃን መለኪያ)። ኤልኢዲ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ሳይለወጥ የቀረው ሌላው ድምዳሜያቸው ነው፤ መብራቱ የቱንም ያህል ቆጣቢ ቢሆን ብርሃኑ ቅጠል ላይ ካላረፈ ቁጠባው ከንቱ ነው።

ኪሳራውን በኤሌክትሪክ መቁጠር ለሚፈልግ፦ 100 ዋት የሚበላ መብራት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በዓመት 584 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከብርሃኑ 40 በመቶው ከተክሉ ውጭ የሚያርፍ ከሆነ 234 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የተከፈለው ለባዶ ወለል ነው።

ዙሪያውን በምን እንሸፍነው?

እዚህ ላይ ምርጫው ሰፊ ነው፣ የሚነገረውም ወሬ ብዙ ነው። አንድ ነገር አስቀድሞ መረዳት ግን ይጠቅማል፤ በተከለለ ቦታ ውስጥ ብርሃን ቅጠል እስኪያገኝ ድረስ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ደጋግሞ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ንጥረት ጥቂት ይቀነሳል። 90 በመቶ የሚመልስ ግድግዳ ከሦስት ንጥረት በኋላ 73 በመቶውን ይዞ ይቆያል። 70 በመቶ የሚመልሰው ግን ወደ 34 በመቶ ይወርዳል። በመጀመሪያው ንጥረት 20 ነጥብ የነበረው ልዩነት በሦስተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ የግድግዳው ጥራት ለጠባብና ለጥልቅ ክልል በጣም ወሳኝ ነው፤ ለሰፊና ዝቅ ላለ መደርደሪያ ግን ያን ያህል አይደለም።

ለእኔ ከሁሉም በፊት የሚመጣው ነጭ ቀለም ነው። ንጹሕና የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። ሚስጥሩ በውስጡ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። አንድ ጊዜ የተቀባ ግድግዳ አይጨማደድም፣ አይቀደድም፣ እሳት አያነሳሳም፣ ውሃ ቢረጭበትም ግድ የለውም። «ነጭ» ሲባል ግን በእርግጥ ነጭ መሆን አለበት፤ ክሬም፣ የዝሆን ጥርስ፣ ፈዛዛ ቢጫ የሚባሉት ለዓይን ነጭ ይመስላሉ እንጂ ተክል በደንብ የሚጠቀምበትን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣሉ። ያልተቀባ ሲሚንቶ ከግማሽ በታች ነው የሚመልሰው፤ ጥቁር መጋረጃ ደግሞ ከነጭራሹ ይውጠዋል።

ግድግዳ መቀባት የማይቻልበት ቤት ውስጥ ነጭ የፎም ሰሌዳ ወይም በነጭ የተቀባ ካርቶን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ተነስቶ የሚታጠፍ መሆኑ ለተከራይ ይመቻል። ይህ እንደ ጊዜያዊ መላ ብቻ መታየት የለበትም፤ ከብዙ ውድ ዕቃ ጋር ቢለካ የማያሳፍር ነው።

ማይላር በሚል ስም የሚታወቀው ብርማ ፕላስቲክ ከነጭ ቀለም ትንሽ ይበልጣል፤ ጥሩው ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል። ችግሩ ውፍረቱ ነው። በጣም ስሱ የሆነውን፣ ለምሳሌ ለድንገተኛ አደጋ የሚያገለግለውን ብርማ ብርድ ልብስ፣ ወደ መብራት ይዘው በውስጡ ቢያዩ የአምፖሉን ቅርጽ ያያሉ። የሚታየው ያ ብርሃን አምልጦ የወጣ ብርሃን ነው። ወፍራሙ ይሻላል። ሲለጠፍ ደግሞ እንዳይጨማደድ ተወጥሮ መሆን አለበት፤ ጀርባው ላይ አየር ከታፈነና እርጥበት ከገባ ሻጋታ ያበቅላል።

የአልሙኒየም ፎይል ብዙ የሚያወዛግብ ነው። «የሚያብለጨልጨው ፊቱ ነው መውጣት ያለበት» የሚለው ክርክር ጊዜ ማጥፊያ ነው፤ ሁለቱም ፊቶች የሚመልሱት መጠን ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አንዱ እንደ መስታወት ሲመልስ ሌላው በመጠኑ ይበትናል። «ፎይል ብርሃኑን አንድ ቦታ አከማችቶ ቅጠል ያቃጥላል» የሚለውም የተጋነነ ነው። የተጨማደደ ፎይል ብርሃኑን ወደ መቶ አቅጣጫ ይበታትነዋል እንጂ እንደ ማጉያ መነጽር አያጠራቅመውም፤ የሚያመጣው ጣጣ ቢኖር ቅጠሉ ላይ ዝንጉርጉር የሆነ ደማቅና ደብዛዛ ቦታ ነው። ፎይል የሚናቅ አይደለም፣ ካርቶን ላይ በተቀጠነ ማጣበቂያ ለጥ አድርገው ቢለጥፉት በደንብ ይሠራል። እኔ ነጭ ቀለም እያለ የማልመርጠው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራው ሲጠረግ ይጫጫራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። ተንጠልጥሎ የአምፖል መያዣ ወይም የተላጠ ሽቦ ከነካ አደጋ ነው።

የመስታወት ነገርም ይነሳል። መስታወት ውስጥ ራሳችንን ጥርት አድርገን ስለምናይ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። ነገር ግን የሚያንጸባርቀው ብርማ ሽፋን ያለው ከመስታወቱ ጀርባ ነው፤ ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም በመስታወቱ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ይቀነሳል። ጥርት ያለ ምስል ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ብርሃን መመለስ ሌላ። በዚያ ላይ ይከብዳል፣ ይሰበራል። ቤት ውስጥ ካለ ይጠቀሙበት፣ ለዚህ ብሎ መግዛት ግን ትርጉም የለውም።

ነጭ ቀለም ከብርማው በጥቂት ነጥብ ቢያንስም ብዙ ጊዜ የማያንስ ውጤት የሚሰጥበት ምክንያት አለ። ብርማ ነገር ብርሃኑን በመጣበት ማዕዘን ልክ በሌላው አቅጣጫ ይወረውረዋል። ነጭ ግን በሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። ላምበርት የተባለው ሳይንቲስት ይህን ባሕርይ በ1760 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ገልጾታል። ለተክል የተበተነ ብርሃን ጥሩ ነው፤ ከላይ ያለው ቅጠል የጣለውን ጥላ ከጎን እየገባ ያለሰልሰዋል፣ የታችኞቹም ቅጠሎች ድርሻቸውን ያገኛሉ።

ሁለት የተዘነጉ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ወለሉ ነው፤ በችግኞቹ መካከል ባለው ክፍተት ወርዶ የሚቀረውን ብርሃን ነጭ ንጣፍ ከታች ወደ ቅጠሉ ጀርባ ይመልሰዋል። ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ከብርሃኑ ብዙው የሚያርፈው በባዶው አፈርና በወለሉ ላይ ስለሆነ ይህ የዋዛ አይደለም። ሁለተኛው የፊት ለፊቱ ክፍት ጎን ነው። ሦስት ጎን ሸፍነው አራተኛውን የሚተዉት መግቢያ ስለሚያስፈልግ ነው፤ እዚያ ላይ የሚጠቀለል ነጭ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ይስቀሉ። ሁሉን ዘግተው አየር እንዳያፍኑ ግን ከታችና ከላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ይተዉ።

ቆብ መግዛት ግድ ከሆነ

ለሶዲየም፣ ለሜታል ሃላይድና ለቆጣቢ አምፖሎች ቆብ ያስፈልጋል። ሦስት ቅርጾች ናቸው በብዛት የሚገኙት።

ክንፍ መሰሉ፣ አልሙኒየም ላሜራ ታጥፎ የሚሠራው፣ ከሁሉም ርካሽና ቀላል ነው። ክንፎቹን በእጅ ማጠፍ ስለሚቻል ብርሃኑን ማጥበብም ማስፋትም ይቻላል። ሲገዙ አንድ ነገር ይመልከቱ፤ ከአምፖሉ በላይ ያለው መሐሉ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ወደ ታች የወረደ ሸንተረር አለው? ጠፍጣፋ ከሆነ ወደ ላይ የወጣው ብርሃን ተመልሶ በራሱ በአምፖሉ ላይ ያርፋል፤ አምፖሉ ይውጠዋል፣ ይበልጥም ይሞቃል። ሸንተረር ያለው ግን ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ በአምፖሉ ግራና ቀኝ ያወርደዋል። አንድ እጥፋት ነው ልዩነቱ፤ ዋጋው ላይም የሚያመጣው ጭማሪ እምብዛም ነው።

ጃንጥላ መሰሉ አምፖሉ ቁልቁል ለሚንጠለጠልበት ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፣ ብርሃኑንም በክብ ቅርጽ በሰፊው ያለሰልሰዋል። ድክመቱ ሰፊ ቦታ መብላቱና የሚሰጠው ብርሃን ሰፊ እንጂ ብርቱ አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ሜታል ሃላይድ አምፖሎች የሚሠሩት ቁልቁል ወይም አግድም ሲሆኑ ብቻ እንደሆነ በካርቶናቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቆቡን ከመግዛት በፊት ያንን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከታች በመስታወት የተዘጋና በቱቦ አየር የሚያልፍበት ሣጥን ነው። ሙቀቱን ከአምፖሉ አጠገብ ጠርጎ ስለሚያወጣ መብራቱን ወደ ተክሉ ማቅረብ ያስችላል። ሆኖም መስታወቱ በሁለቱ ፊቶቹ ብቻ 8 በመቶ ገደማ ብርሃን ያስቀራል፤ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ። ቱቦውና ማራገቢያው ተጨማሪ ወጪ ናቸው። ሙቀት በእርግጥ ችግር በሆነበት ጠባብ ክፍል እንጂ ለሌላው አልመክረውም። ወጪው እዚያ ከደረሰ ደግሞ ሂሳቡን እንደገና ማየት ተገቢ ነው፤ በዚያው ገንዘብ አምፖሉን ራሱን በኤልኢዲ መለወጥ ይቻል ይሆናል።

የማስታወቂያ ቁጥሮች

«98 በመቶ ያንጸባርቃል» የሚል ጽሑፍ ስለ ላሜራው ሽፋን ነው የሚናገረው፤ ስለ ቆቡ ቅርጽና ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ቁጥሩ የተለካው ዕቃው አዲስና ንጹሕ ሳለ ነው፤ አቧራ ሲለብስ እንደዚያ አይሆንም። «በ200 በመቶ ይጨምራል» ሲባል ደግሞ ከምን አንጻር፣ የትኛው ነጥብ ላይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከመብራቱ ሥር መሐል ነጥቡን ብቻ ለክቶ ትልቅ ቁጥር ማሳየት ቀላል ነው፤ ብርሃኑን ጠበብ ማድረግ ብቻ ይበቃል። መሐሉ ሲጨምር ዳሩ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለ ሙሉው ስፋት በየነጥቡ የተለካ ሠንጠረዥ የሚያሳይ ሻጭ ካገኙ እሱን ያዳምጡ።

በስልክ መለካት

ለተክል የሚሆነው ብርሃን የሚለካው በማይክሮሞል ነው፤ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሴኮንድ ስንት እንደሚያርፍ። መለኪያው ውድ ነው። ሉክስ የሚለካው የስልክ መተግበሪያ የተቃኘው ለሰው ዓይን ስለሆነ የተለያዩ መብራቶችን ለማወዳደር አይሆንም፤ የሰው ዓይን አረንጓዴን አጉልቶ፣ ቀይና ሰማያዊን አሳንሶ ነው የሚያየው። ግን እዚህ መብራቱ ያው ነው፣ የሚለወጠው አንጸባራቂው ብቻ ነው። ነጭና ብርማ ነገር የብርሃኑን ቀለም እምብዛም ስለማይለውጥ «ስንት እጥፍ ጨመረ?» ለሚለው ጥያቄ ስልኩ ይበቃል።

አለካኩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መብራቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ በርቶ ይሙቅ። የክፍሉ ሌላ መብራትና የመስኮት ብርሃን ይጥፋ። ስልኩን ጀርባውን ለወለሉ ሰጥተው፣ በቅጠሎቹ አናት ከፍታ፣ ቦታውን በሦስት በሦስት ከፍለው ዘጠኝ ነጥብ ላይ ይለኩ፤ እጅዎና ጭንቅላትዎ ጥላ እንዳይጥሉ። መብራቱ ሥር ሁሉ አንድ ዓይነት ከፍተኛ ቁጥር ከመጣ ስልኩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል ማለት ነው፤ መለኪያው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ያድርጉና ሁሉንም በዚያው ወረቀት ይለኩ። ከዚያ አንጸባራቂውን ጨምረው ይድገሙት።

ውጤቱ ሲነበብ አማካዩ ብቻ አይታይ። አንዱ አንጸባራቂ አማካዩን 9,000 ሉክስ አድርሶ ዳሩን 3,000 ላይ ቢተወው፣ ሌላው ደግሞ አማካዩ 8,500 ሆኖ ዳሩ 6,500 ቢሆን፣ እኔ የምወስደው ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው ዳር ዳር ያሉት ችግኞች ወደ መሐል እየተጣመሙ ያድጋሉ፣ እኩልም አይደርሱም።

የጭማሪው ትርጉም በቀን ድምር ሲታሰብ ይገባል። ሰላጣ በቀን ከ12 እስከ 17 ሞል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው) ብርሃን ቢያገኝ ይስማማዋል፤ ቲማቲም ከ20 በላይ ይፈልጋል። 150 ማይክሮሞል የሚደርሰው ሰላጣ በ16 ሰዓት የሚያገኘው 8.6 ሞል ነው፣ አይበቃውም። ዙሪያው በነጭ ተሸፍኖ ብርሃኑ በ40 በመቶ ቢያድግ 210 ማይክሮሞል ይሆናል፤ በቀን 12.1 ሞል። አንድ ዋት ሳይጨመር ሰላጣው የሚፈልገው ክልል ውስጥ ገባ። ለቲማቲሙ ግን ይህም ገና ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው ሌላ መብራት እንጂ ሌላ አንጸባራቂ አይደለም።

ርካሽ ሲገዙ የማይቀነስበት ነገር

የሚያንጸባርቀው ክፍል ርካሽ ቢሆን ችግር የለም። የአምፖሉ መያዣ፣ ሽቦውና መስቀያው ግን ርካሽ መሆን የለባቸውም። የሶዲየም አምፖል ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት በቅጽበት ይረጭበታል፤ መያዣው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ፖርሴሊን መሆን አለበት፣ ፕላስቲክ አይሆንም። የብረት ቆብ የኧርዝ ሽቦ ይገናኝለት። ውሃ የሚረጭበት ቦታ ስለሆነ ይህን ቸል ማለት አያዋጣም። መስቀያው ሰንሰለት ወይም የብረት ገመድ ይሁን፤ የፕላስቲክ ሲባጎ በሙቀት ይለሰልስና ይበጠሳል።

ማይላርም፣ ፎምም፣ ካርቶንም ከሚግል አምፖል አጠገብ ቦታ የላቸውም፤ ለግድግዳ እንጂ ለቆብ አይሁኑ። መብራቱን በተለመደው ሰዓት አብርተው ከሁለት ሰዓት በኋላ መሸፈኛውን በእጅዎ ይንኩት። እጅ ማቆየት ካቃተዎ ቀርቧል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፤ መብራቱ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ሳሙና ያለው ውሃ። የሚጭር ስፖንጅና የማጽጃ ዱቄት የላሜራውን ሽፋን ይፍቃሉ፤ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ቅጠል ላይ መድኃኒትም ሆነ ማዳበሪያ ሲረጩ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጠብታ ነጠብጣብ ትቶ ይደርቃል፣ ያንኑ ቀን መጥረግ ይሻላል።

አንጸባራቂው ከተገጠመ በኋላ ባሉት ቀናት ቅጠሉን ይከታተሉ። በደብዛዛ ብርሃን የለመደ ችግኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲመጣበት አናቱ ይነጣል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይጠቀለላል። እንዲህ ሲሆን አንጸባራቂውን አያንሱት፤ መብራቱን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጉና በየሁለትና ሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ዝቅ እያደረጉ ያለማምዱት።